ያረጀ የእጅ ፓምፕ እንዴት ይታደሳል?

ሀ. ስለ ገላጭ ጽሑፍ

ጽሑፍ በአቀራረቡ ተራኪ፣ ሥዕላዊ፣ አመዛዛኝና ገላጭ ተብሎ በአራት ይከፈላል። ተራኪ ጽሑፍ የሆነውን ነገር ያወጋል፤ ሥዕላዊ ጽሑፍ የታየውን ነገር እንደ ገና በዐይነ ኅሊና እንዲታይ ያደርጋል፤ አመዛዛኝ ጽሑፍ ሐሳብን ከሐሳብ ጋር ያነጻጽራል። የገላጭ ጽሑፍ ዋና ተግባር ግን ማስረዳት ነው። አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚስተካከል ለማያውቀው ሰው ያሳውቃል። ስለዚህ ጸሐፊው በቅድሚያ ነገሩን ራሱ ጠንቅቆ ማወቅ፣ ቀጥሎም ያወቀውን በቅደም ተከተል ማስፈር አለበት። ቅደም ተከተሉ የተዛባ ገላጭ ጽሑፍ አንባቢውን ከማስረዳት ይልቅ ያደናግረዋል።

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ስለሚገኝ የእጅ ፓምፕ የሚያስረዳ ነው። ስታነቡ ለሁለት ነገሮች ትኩረት ስጡ። አንደኛ፣ ጸሐፊው የአንድን ነገር ምክንያትና ውጤት እንዴት እንደሚያያይዝ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ አንዱ ሥራ ከሌላው በፊት ወይም በኋላ መከናወኑን የሚያመለክቱትን ቃላትና ሐረጋት ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ

1. ውኃ በሞላበት አገር የውኃ ችግር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እያቋረጠ ያልፋል። ከጎዳናው ግራና ቀኝ የሚታየው የምዕራብ ጎጃም ገጠር በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚበቅልበት ለም አገር ነው። ዝናሙ ብዙ ነው፤ እንደ ብርና እንደ ፈጣም ያሉ ወንዞችም ይህን ምድር አቋርጠው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ለመንገደኛ ዐይን በዚህ አገር የውኃ ችግር ሊኖር የሚችል አይመስልም።

ነገር ግን ውኃ መኖሩና የሚጠጣ ውኃ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በወንዙ ከብት ይጠጣል፤ ልብስ ይታጠባል፤ በክረምትም ጎርፍ ከየማሳውና ከየመንደሩ ያጠበውን እድፍ ይዞ ይገባበታል። ባልተከለለ ምንጭም የሚደርሰው ከዚህ እምብዛም አይለይም። በበጋ ደግሞ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት አንዳንዱ ምንጭ ስለሚመነምን ውኃ የሚቀዳው ሰው ራቅ ወዳለ ስፍራ ለመሄድ ይገደዳል።

የእጅ ፓምፕ የተተከለለት ጉድጓድ ይህን ችግር በሁለት መንገድ ያቃልላል። በመጀመሪያ፣ ውኃው በአፈርና በድንጋይ መካከል ሰርጎ ሲያልፍ ስለሚጣራ፣ ጉድጓዱም በኮንክሪት ስለሚከደን፣ ከላይ ከሚመጣ እድፍ ይጠበቃል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጉድጓዱ በመንደሩ አቅራቢያ ስለሚቆፈር እንስራ ተሸክሞ ቁልቁለት መውረድና ዳገት መውጣት ይቀራል። ከዚህ ዕረፍት ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ በአገራችን ገጠር ውኃ የመቅዳት ሥራ ባብዛኛው የወደቀው በእነርሱ ጫንቃ ላይ ነውና። ፓምፑ በቆመ ማግስት የጠዋቱ ደወል ሲደወል ከክፍል የምትቀረው ተማሪ ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም።

ፓምፕ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ያረጃል። ይሁን እንጂ ቶሎ የሚያረጀው መላ አካሉ ሳይሆን ጥቂት ትናንሽ ክፍሎቹ ናቸው። እነዚህ ክፍሎች በጊዜ ከተለወጡ ፓምፑ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ካልተለወጡ ግን በመዳፍ የምትያዝ አንዲት ጎሚኒ ብዙ ሰው የደከመበትን ጉድጓድ ከጥቅም ውጭ ታደርገዋለች። እነዚህ ክፍሎች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ ማርጀታቸው በምን እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚለወጡ ቀጥለን እንመለከታለን።

2. የፓምፑ አመጣጥና አሠራር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ያሉትን ዓመታት ለመጠጥ ውኃና ለንጽሕና አገልግሎት የተሰጡ ዐሥር ዓመታት ብሎ ሰይሟቸው ነበር። በዚያን ዘመን በብዙ አገሮች ገጠር የተተከሉት ፓምፖች ሲበላሹ የሚጠግናቸው ከሩቅ ከተማ ከባድ መሣሪያ ጭኖ የሚመጣ ባለሙያ ነበር። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ፓምፑ ቆሞ፣ መንደርተኛውም ወደ ወንዙ ተመልሶ ይቆያል። ከዚህ የተነሣ የመንደሩ ሰው ራሱ በቀላል መሣሪያ ሊጠግነው የሚችል ፓምፕ እንዲሠራ ታሰበ። በማላዊና በኬንያ ከተደረገ ሙከራ በኋላ አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ በ1980ዎቹ ዓመታት ተሠራ። ንድፉ የማንም የግል ንብረት እንዳይሆን ስለተደረገ በተለያዩ አገሮች ሊመረት ችሏል፤ በኢትዮጵያም ገጠር በስፋት ተተክሏል።

የዚህን ፓምፕ አሠራር ለመረዳት ከላይ ወደ ታች መመልከት ይበቃል። ከመሬት በላይ የሚታየው እጀታው፣ የብረት አካሉና ውኃው የሚወርድበት አፍ ነው። እጀታው በሚንቀሳቀስበት ስፍራ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የፕላስቲክ ቡሾች ገብተውበታል። ከእጀታው ጋር የተያያዘው ዘንግ በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ዘንጉ አንድ ወጥ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው 3 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ዘንጎች እርስ በርስ ተያይዘው የተሠራ ነው። በመጨረሻ፣ ከውኃው ወለል በታች ሲሊንደሩ ይገኛል። በሲሊንደሩ ውስጥ ከዘንጉ ጫፍ ጋር የተያያዘ ፒስተን ሲኖር፣ ከፒስተኑ በታች ደግሞ የግርጌ ቫልቭ አለ።

ሲሊንደሩ ከላይ ከመሆን ይልቅ ወደ ውኃው እንዲወርድ የተደረገበት ምክንያት አለ። ከላይ ሆኖ ውኃን የሚመጥ ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው። የአየር ግፊት ደግሞ በባሕር ወለል ላይ ውኃን ከ10 ሜትር ጥቂት ብቻ አልፎ ሊያነሣ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በፍኖተ ሰላም አካባቢ አየሩ ስለሚሳሳ ይህ ርቀት ወደ 8 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከዚያ በላይ የጠለቀ ውኃ በመምጠጥ ሊወጣ አይችልም፤ ፒስተኑ ራሱ ወደ ውኃው ወርዶ ውኃውን ተሸክሞ መውጣት አለበት። አፍሪዴቭ በዚህ ዐይነት እስከ 45 ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት ውኃ ያወጣል።

እጀታው ወደ ታች ሲጫን ዘንጉና ፒስተኑ ወደ ላይ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በፒስተኑ ላይ ያለው ቫልቭ ተዘግቶ ከበላዩ ያለውን ውኃ ያነሣል፤ የግርጌው ቫልቭ ደግሞ ተከፍቶ ከጉድጓዱ አዲስ ውኃ ያስገባል። እጀታው ወደ ላይ ሲለቀቅ ነገሩ ይገለበጣል። የግርጌው ቫልቭ ተዘግቶ ውኃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ ያግዳል፤ የፒስተኑ ቫልቭ ተከፍቶ ውኃው ከፒስተኑ በላይ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። በዚህ መፈራረቅ ውኃው ደረጃ በደረጃ እየወጣ ከፓምፑ አፍ ይደርሳል።

ፓምፕ ሁሉ የተሠራበት ቦታና ኀይል ቢለያይም፣ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ብርድ በሚጸናባቸው አገሮች ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በማሞቂያ የሞቀ ውኃ በቧንቧ በየክፍሉ እየዞረ ሲሆን፣ ውኃውን የሚያዞረው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። የዚህ ፓምፕ ኩሽኔታ ሲበላ በመጀመሪያ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ቀጥሎ ይደክማል፤ በመጨረሻም ይቆምና ቤቱ ይቀዘቅዛል። የሚለውጠው ሰው ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ውኃውን በሁለቱም ወገን ዘግቶ፣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ይተክላል። በእኛ ገጠር ፓምፑ የሚንቀሳቀሰው በክንድ ነው፤ ሲቆምም የሚጎዳው የቤቱ ሙቀት ሳይሆን የሚጠጣው ውኃ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ከመቆማቸው በፊት ምልክት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ምልክቱን ላስተዋለ ሰው በቀላሉ ይታደሳሉ።

3. ፓምፑ ለምን ያረጃል? ማርጀቱስ በምን ይታወቃል?

የአፍሪዴቭ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ባንድ ሙሉ ምት የሚጓዘው ርቀት 225 ሚሊ ሜትር ነው። ከነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተነሥተን ብናሰላ አንድ ሙሉ ምት 0.44 ሊትር ያህል ውኃ ያወጣል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ለመሙላት 45 ምት ገደማ ይበቃል ማለት ነው።

አሁን በአንድ ፓምፕ 50 ቤተ ሰቦች ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብም በቀን ሁለት ጄሪካን ይቀዳል ብለን እናስብ። በቀን 100 ጄሪካን ይሞላል፤ ፒስተኑም 4500 ጊዜ ይወጣል፣ 4500 ጊዜ ይወርዳል። በዓመት ሲታሰብ ምቱ ከ1600000 በላይ ይሆናል። በተጨማሪም ውኃው የሚነሣው ከ20 ሜትር ጥልቀት ከሆነ ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት 39 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይሸከማል። በውኃው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ ካለ ደግሞ አሸዋው እንደ ሞረድ ሆኖ ጎሚኒውን ይልጠዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎሚኒው መሳሳት የሚያስደንቅ ሊሆን አይገባም።

ፓምፑ ሲያረጅ የሚያሳያቸው ምልክቶች የተለያዩ ናቸው፤ እያንዳንዱም ምልክት የታመመውን ክፍል ይጠቁማል።

አንደኛ፣ ጄሪካኑ የሚሞላበት ምት እየበዛ ከሄደ የፒስተኑ ጎሚኒ ሳስቷል ማለት ነው። ውኃው በጎሚኒውና በሲሊንደሩ መካከል ሾልኮ ወደ ታች ስለሚመለስ በ45 ምት ይሞላ የነበረው በ60፣ ከዚያም በ70 ምት መሙላት ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ፓምፑ ለጥቂት ጊዜ ካረፈ በኋላ ውኃ ለማውጣት ብዙ ባዶ ምት የሚፈልግ ከሆነ በአብዛኛው ጥፋቱ የግርጌው ቫልቭ ነው። ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ በቧንቧው ውስጥ የነበረው ውኃ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ወርዷል። ቧንቧው ራሱ ቢሰነጠቅም ተመሳሳይ ምልክት ይታያል።

ሦስተኛ፣ እጀታው ወደ ጎን የሚወላወል ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ቡሾቹ አልቀዋል። ቡሾቹ ሳይለወጡ ከቆዩ ብረት ከብረት ጋር እየተፋተገ የፓምፑ አካል ራሱ ይበላል፤ ይህ ደግሞ ከቡሹ ይልቅ እጅግ የበዛ ወጪ ያስከትላል።

አራተኛ፣ እጀታው በድንገት ቀሎ ውኃ ጨርሶ ከቀረ ዘንጉ ተለያይቷል ወይም ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አምስተኛ፣ ፓምፑ በጥሩ ሁኔታ ሲያወጣ ቆይቶ ውኃው ከተቋረጠና ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደ ገና የሚሰጥ ከሆነ፣ ያነሰው ፓምፑ ሳይሆን የጉድጓዱ ውኃ ነው። ይህ በተለይ በበጋው መጨረሻ ሊያጋጥም ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጎሚኒ መለወጥ ከንቱ ድካም ነው።

4. የአለዋወጡ ቅደም ተከተል

ከሥራው በፊት መለዋወጫዎቹ ተሟልተው መገኘት አለባቸው። እነርሱም የፒስተኑ ጎሚኒ፣ የግርጌው ቫልቭ ክብ ጎሚኒ፣ የክር ማጠንጠኛ የሚመስሉት ሁለት የቫልቭ ጎማዎችና የእጀታው ቡሾች ናቸው። መሣሪያዎቹ የዳዶ መፍቻ፣ ዘንግ መያዣና የግርጌውን ቫልቭ የሚያወጣ መንጠቆ ናቸው። ከዚህ ሌላ ንጹሕ ሸራ ወይም ላስቲክ ይነጠፋል፤ የሚሠሩት ሰዎችም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከጉድጓዱ የወጣ ዘንግ ጭቃ ላይ ከተጋደመ በኋላ ተመልሶ ቢገባ፣ ጭቃውም ከነተሕዋስያኑ አብሮ ይገባል።

በመጀመሪያ የፓምፑን ክዳን የያዘው ብሎን ተፈትቶ ክዳኑ ይነሣል። ቀጥሎ የእጀታውን መንቀሳቀሻዎች የያዙት ዳዶዎች ይላላሉ። ከዚያም ዘንጉ ቁልቁል እንዳያመልጥ በዘንግ መያዣው ከተያዘ በኋላ እጀታው ይወጣል። ከሥራው ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ቦታ ነው። ያልተያዘ ዘንግ ወደ ቧንቧው ከወደቀ አንድ ሰዓት የማይሞላው ሥራ የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይሳባሉ። አንዱ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ቀጣዩ በመያዣው ይያዛል፤ የወጣውም ከመጋጠሚያው ተለይቶ በሸራው ላይ ይጋደማል። እያንዳንዱ ዘንግ ሲወጣ መጉበጡ፣ መዛጉና መጋጠሚያው መላላቱ ይመረመራል። በመጨረሻው ዘንግ ጫፍ ፒስተኑ ይወጣል። በቀድሞዎቹ ከባድ ፓምፖች ፒስተኑን ለማውጣት ቧንቧው ጭምር መነቀል ነበረበት፤ በአፍሪዴቭ ግን ፒስተኑ በቧንቧው ውስጥ ስለሚያልፍ ቧንቧውን መንካት አያስፈልግም።

ፒስተኑ ታጥቦ አሮጌው ጎሚኒ ይወልቃል፤ አዲሱም ይገባል። ጎሚኒው ለሁለት ተቆርጦ በጎኑ ቢታይ የ‹ሀ›ን ፊደል ቅርጽ ይመስላል። ሲገባ የ‹ሀ› አፍ ወደ ላይ ሊሆን ይገባል፤ ምክንያቱም የውኃው ክብደት በአፉ ገብቶ ከንፈሮቹን ወደ ጎን ሲገፋቸው ጎሚኒው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ተገልብጦ ከገባ ግን ውኃው በጎኑ እየሾለከ ይመለሳል፤ አዲስ ጎሚኒም ከአሮጌው የማይሻል ይሆናል። የፒስተኑ የቫልቭ ጎማም በዚሁ ጊዜ ይለወጣል።

የግርጌውን ቫልቭ ለማውጣት መንጠቆው ከዘንጉ ጫፍ ጋር ይያያዝና ዘንጎቹ እንደ ገና እየተቀጣጠሉ ይወርዳሉ። መንጠቆው ቫልቩን ሲይዝ ዘንጉ በኀይል ወደ ላይ ይሳባል፤ በቧንቧው ውስጥ የነበረው ውኃም ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ቫልቩ ከወጣ በኋላ ክብ ጎሚኒውና የቫልቭ ጎማው ተለውጠው ተመልሶ በቧንቧው ውስጥ ይለቀቃል። ቀጥሎ ፒስተኑ በዘንጎቹ ይወርድና ቫልቩን በቀስታ ተጭኖ በቦታው ያስቀምጠዋል።

በመጨረሻ የእጀታው አሮጌ ቡሾች በአዲስ ይተካሉ። እነዚህ የፕላስቲክ ቡሾች ዘይትም ሆነ ቅባት አያስፈልጋቸውም። እጀታው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ፤ ክዳኑም ይገጠማል።

5. ሥራው በትክክል መከናወኑ እንዴት ይረጋገጣል?

ጉድጓዱ ተከፍቶ የነበረ በመሆኑ ውኃው በክሎሪን መታከም አለበት። የክሎሪኑ መጠን እንደ ጉድጓዱ ውኃ ብዛት ስለሚለያይ በጤና ወይም በውኃ ባለሙያ ምክር ይወሰናል። የመጀመሪያው ውኃ እየተቀዳ ይደፋል፤ የክሎሪኑ ሽታ እስኪጠፋም ድረስ ለመጠጥ አይውልም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፍተሻዎች ይደረጋሉ። በመጀመሪያው ፍተሻ ፓምፑ ውኃ እስኪሰጥ ድረስ ይመታና ለ30 ደቂቃ ያርፋል። እንደ ገና ሲመታ ውኃው 5 ምት ሳይሞላ ከወጣ የግርጌው ቫልቭ በሚገባ ይዘጋል። በሁለተኛው ፍተሻ አንድ ጎልማሳ ሰው እጀታውን ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ እያንቀሳቀሰ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይሞላል፤ ሌላው ሰው ምቱን ይቈጥራል። ቍጥሩ ከ45 እምብዛም ካልራቀ ሥራው ተሳክቷል። ይህ ቍጥር ቀኑ ተጽፎበት በመዝገብ ይሰፍራል። በየወሩ በዚሁ መንገድ ተቈጥሮ ቢጻፍ ፓምፑ መድከም የጀመረበት ጊዜ ከመዝገቡ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህን ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ መቍጠርና መጻፍ የሚችል ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

6. ፓምፑ የማን ነው?

ፓምፕን የመጠበቅ ሥራ የእጅ ጥበብ ብቻ ሳይሆን የመተባበርም ጕዳይ ነው። በአማራ ክልል ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2011 በኢትዮጵያና በፊንላንድ መንግሥታት ትብብር የመጠጥ ውኃ ሥራ ተካሂዷል። በዚህ ሥራ ከ2003 ጀምሮ አንድ አዲስ ልማድ ተሞከረ። ለግንባታው የተመደበው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለኅብረተሰቡ የውኃ ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ፤ ኮሚቴውም ዕቃውን ራሱ እየገዛ፣ ሠራተኛውን ራሱ እየቀጠረ ጉድጓዱን አስቆፈረ። ይህ አሠራር በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክልሎችም ተስፋፍቷል። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ሲሚንቶውን ገዝቶ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ ጉድጓዱን ያስቆፈረ ሰው ፓምፑን የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ አያየውም።

የውኃ ኮሚቴ ሴቶችም ወንዶችም የሚመረጡበት ነው። ሥራውም ከተጠቃሚው መዋጮ መሰብሰብ፣ የፓምፑን አጥር ማስከበር፣ መለዋወጫ ማዘጋጀትና ጥገና የሚያውቁ ሰዎች እንዲኖሩ ማድረግ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ብልሽት ሲያጋጥመው ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ያሳውቃል። ከነዚህ ተግባሮች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መዋጮው ነው። ፓምፑ ደኅና ሲሠራ ሰው ገንዘብ ማዋጣት ይታክተዋል፤ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ገንዘቡ ባንድ ቀን አይሰበሰብም። ስለዚህ ጎሚኒዎቹና ቡሾቹ ጨርሰው እስኪያልቁ ሳይጠበቅ በየዓመቱ እንዲለወጡ ይመከራል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በአጭሩ፣ የእጅ ፓምፕ የሚያረጀው በድንገት አይደለም። በምቱ ብዛት፣ በእጀታው ድምፅና በባዶ ምቱ አስቀድሞ ይናገራል። ንግግሩን ሰምቶ አንዲት ጎሚኒ በጊዜ የለወጠ መንደር ጉድጓዱን ያድናል። ያልሰማ መንደር ግን ጎሚኒዋን በመቈጠብ ጉድጓዱን ያጣል፤ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ወደ ወንዙ ይመልሳል።

ሐ. የቃላት ፍች

ጎሚኒ፦ ውኃ ወይም ዘይት እንዳያልፍ በመጋጠሚያ ወይም በፒስተን ላይ የሚገባ ጎማ።
ዳዶ፦ ብሎን የሚጠብቅበት ውስጡ ጥርስ ያለው ብረት።
ቡሽ፦ የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ ብረት ሌላውን ብረት እንዳይፋተገው በመካከል የሚገባ ቀለበት መሰል ክፍል።
ግርጌ፦ ሥር፣ ታች፣ የአንድ ነገር መጨረሻ።
መለዋወጫ፦ በአሮጌ ክፍል ምትክ የሚገባ አዲስ ክፍል።
ሞረድ፦ ብረት የሚሳልበት ሻካራ መሣሪያ።
መመንመን፦ ማነስ፣ መክሳት፣ መቅጠን።

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው «ውኃ መኖሩና የሚጠጣ ውኃ መኖሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው» ያለው ምን ለማለት ነው? ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ።
2. የአፍሪዴቭ ሲሊንደር ከውኃው ወለል በታች እንዲቀመጥ የተደረገው ለምንድን ነው?
3. እጀታው ወደ ታች ሲጫንና ወደ ላይ ሲለቀቅ ሁለቱ ቫልቮች እንዴት እንደሚፈራረቁ በራሳችሁ አገላለጽ አስረዱ።
4. አንድ ፓምፕ 20 ሊትር ጄሪካን በ66 ምት ይሞላል። ባንድ ምት ምን ያህል ሊትር አውጥቷል? የትኛው ክፍል ያረጀ ይመስላችኋል?
5. የፒስተኑ ጎሚኒ ተገልብጦ ቢገባ ምን ይሆናል? ምክንያቱንም ግለጹ።
6. የቤት ማሞቂያው ፓምፕና የእጅ ፓምፑ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ነገር አነጻጽሩ።
7. «ጎሚኒዋን በመቈጠብ ጉድጓዱን ያጣል» የሚለውን አባባል አብራሩ። በአካባቢያችሁ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ምሳሌ ስጡ።

ሠ. የሰዋስው መልመጃ

1. ገላጭ ጽሑፍ የሥራን ቅደም ተከተል ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ በቦዝ አንቀጽ ይጠቀማል። «ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ፣ ውኃውን ዘግቶ፣ አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን ይተክላል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ቦዝ አንቀጾቹ ሦስት ናቸው፤ ማሰሪያ አንቀጹ ግን አንድ ነው። ከምንባቡ ቦዝ አንቀጽ ያለባቸውን አራት ዐረፍተ ነገሮች አውጡና ቦዝ አንቀጾቹን አስምሩባቸው።

2. የሥራው ባለቤት ማንነት አስፈላጊ በማይሆንበት ጊዜ ጸሐፊው ተደራጊ ግሥ ይመርጣል፤ ለምሳሌ፣ «ቡሾቹ በአዲስ ይተካሉ።» የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች በተደራጊ ግሥ ለውጣችሁ ጻፉ።
ሀ) ጠጋኙ የፓምፑን ክዳን ይፈታል።
ለ) ኮሚቴው መዋጮውን በመዝገብ ይጽፋል።
ሐ) ተማሪዋ ምቱን ትቈጥራለች።

3. «ስለዚህ፣ ምክንያቱም፣ ይሁን እንጂ፣ ከዚህ የተነሣ» የሚሉት አያያዦች በምንባቡ ውስጥ የትኞቹን ሐሳቦች እንዳያያዙ አመልክቱ። እያንዳንዱንም አስገብታችሁ የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ረ. የድርሰት ሥራ

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ከሚገኙ መሣሪያዎች አንዱን ምረጡ፤ ለምሳሌ ማረሻ፣ የሸማ ሠሪ ዕቃ፣ ኩራዝ፣ ብስክሌት ወይም የቧንቧ መክፈቻ ሊሆን ይችላል። ከምን ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቶሎ የሚያረጀው የትኛው ክፍሉ እንደ ሆነና እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት መሣሪያውን በቅርብ ተመልከቱ፤ የሚሠራበትንም ሰው ጠይቁ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ መሣሪያውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስነብቡት፤ ያልገባው ቦታ ካለ ቅደም ተከተሉን እንደ ገና አስተካክሉ።